ማርሽ መቀየሪያው ሥር የበቀለው ገብስ

የመኪናዬ ማርሽ የሚቀየረው እንደ ሬዲዮ ድምፅ ማስተካከያ በሚዞር ክብ ቁልፍ ነው። አሰላ ላይ ባዞረው ባዞረው እንቢ አለኝ። የመኪና ኤሌክትሪሻኑ የምርመራ ማሽኑን ሰክቶ፣ “ችግሩ ከቁልፉ ነው” አለና ነቀለው።

የሰው ያለህ! ከሥሩ፣ ሽቦው መሃል፣ አረንጓዴ የገብስ ቡቃያ ቆሟል።

“እርሻ ነው እንዴ ይሄ?” ብሎ ጮኸ ኤሌክትሪሻኑ።

አጠገቤ የቆመው አባቴ የእህል ነጋዴ ነው። ባለፈው ሳምንት ሳጉሬ ገበያ፣ አንድ ገበሬ በመኪናዬ መስኮት “ለዘር ይሆናል” ብሎ እፍኝ ገብስ ሲያቀብለው አንዷን ፍሬ ነክሶ፣ “ሙት ነው፣ አይበቅልም” ብሎ እፍኙን እዚያው ቁልፉ ላይ በትኖት ነበር። ውሃ የደፋሁበት ደግሞ እኔ ነኝ።

አባቴ ቡቃያውን አፍጥጦ አየው።

“ገበሬውን በሰው ፊት ውሸታም ብዬዋለሁኮ” አለ።