ያለ ክር የሰፋው ልብስ ሰፊ

ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። የግብር ቅጹ «ከሃምሳ ሳንቲም በታች ያለው ይተው» ይላል። ባለቤቴ «ሰው ጠይቅ» ብትለኝ፣ «ለእኔ ቁጥር ልታስተምሪኝ ነው?» ብዬ አፏን አዘጋኋት። አንዱን ክር የምገዛው በአርባ ሳንቲም ስለሆነ፣ የዓመቱን መቶ ሰማንያ የክር ደረሰኞች ሳንቲም አንድ በአንድ ሰርዤ ቅጹን ደረቴን ነፍቼ አስረከብኩ።

የግብር ሠራተኛዋ አየችና፣ «አባባ፣ ዓመቱን ሙሉ ያለ ክር ነው የሰፉት?» አለችኝ።

«ተው ይላል፤ ተውኩት።»

«መጀመሪያ ሁሉንም ይደምሩ። የሚተወው የድምሩ ሳንቲም ብቻ ነው።»

ስንደምረው ሰባ ሁለት ብር ሞላ፤ የሚተው ሳንቲም እንኳ አልተረፈው። ቅጹን ስታስተካክልልኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ፣ «ልጅቷ ተሳስታ ነበር፤ አሳየኋት» አልኳት።

ፊቴን አየችና፣ «በስንት ብር ተሳሳትክ?» አለችኝ።

«በሰባ ሁለት» አልኩ።