በሃምሳ ሰባት ዓመቷ ተማሪ የሆነችው መምህር

በሆስፒታሉ ምድር ቤት የልብስ ክፍል ውስጥ፣ በስፌቱ በኩል ሃያ ስድስት ዓመት የተቀመጠችውን ሴት ሁሉም «እትዬ መርፌ» ይሏታል። ግማሹ ስለ ቅጥነቷ ነው ይላል፣ ግማሹ ስለ ምላሷ። የተቀደደ አንሶላ፣ ቁልፉ የወለቀ ጋውን፣ ገመዱ የተበጠሰ የበሽተኛ ሱሪ በእጇ ካለፈ እንደ አዲስ ሆኖ ይወጣል። ስህተት ካየች ግን አታልፍም፤ ጠቅ ሳታደርግ አትውልም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን አዲስ አማኞችን ታስተምራለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያስተማረችው ከአንድ ሰማያዊ ደብተር ነው። ዛሬ ከሚዘምሩትም ከሚሰብኩትም ግማሾቹ በእሷ እጅ ያለፉ ናቸው። ትምህርቱን በቃሏ ስለያዘችው፣ ደብተሩን የምትገልጠው ለወጉ ያህል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ርዕሱ በመንፈስ ስለ ማደግ ነበር። ያመነ ሰው በቆመበት መቅረት እንደሌለበት፣ ከዓመት ዓመት ወደ ጌታው እየቀረበ፣ ጠባዩም እየተለወጠ መሄድ እንዳለበት አስረዳች። ከፊት የተቀመጠው ቧንቧ ሠራተኛ እጁን አወጣ። አርባውን ያለፈ፣ ካመነ ገና አራት ወሩ የሆነ፣ ያልገባውን ነገር ይዞ ወደ ቤቱ የማይሄድ ሰው ነው።

«እትዬ፣ እንዳይቀየሙኝ እንጂ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ጠይቅ፣ ወንድሜ።»

«እርስዎ ዘንድሮ በምን አደጉ?»

ክፍሉ ሳቀ። ሰውየው ግን የምሩን ነው፤ ምሳሌ ፈልጎ ነው የጠየቀው።

«በብዙ ነገር» አለችና ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፈች። አንዱን ይንገሩን ቢላት ግን የምትለው አልነበራትም።

ቤት ስትገባ ባሏ ሬዲዮ ፈታትቶ ጠረጴዛው ላይ በትኗል። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከወጣ ወዲህ ያልፈታው ዕቃ የለም።

«ለመሆኑ እኔ ተለውጫለሁ?» አለችው፣ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ።

«ከመቼ ወዲህ?»

«ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ በል።»

አሰብ አደረገና «መነጽርሽን ለውጠሻል» አላት።

ሌላ ቀን ቢሆን መልሱን ታቀምሰው ነበር። ዛሬ ግን ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ስትቀመጥ ደነገጠ፤ ብሎን መፍቻውን አስቀመጠ። «እውነቱን ልንገርሽ? ስንጋባ ስትጸልዪ ጌታን ትጠይቂው ነበር። አሁን አሁን ግን የምታዢው ነው የሚመስለኝ።»

ያን ማታ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። ጥሩ ትምህርት ነው፤ አንድም ውሸት የለበትም። ግን እግዚአብሔር እንዲህ አደረገልኝ፣ እንዲህ አስተማረኝ ብላ የጻፈችው ሁሉ የሃያዎቹና የሠላሳዎቹ ዕድሜዋ ታሪክ ነው። ከዚያ ወዲህ የተጨመረ ነገር የለም። ሌላውን እያሳደገች እሷ እዚያው በቆመችበት ቀርታለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑን መሪ አስፈቅዳ ክፍሉን ለአንዲት ወጣት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ አስረከበች። ልጅቷ ራሷ የድሮ ተማሪዋ ናት። እትዬ መርፌ ከኋላ ሄዳ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከቧንቧ ሠራተኛው ጎን ተቀመጠች።

ወሬው ወዲያው ተናፈሰ። አንዱ «በኃጢአት ወድቃ ነው» አለ፤ ሌላው «ታማ ነው»። አንዲት የምትቀርባት ሴት ደጃፍ ላይ ያዘቻትና «ምን ሠርተሽ ነው?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

«ምንም አልሠራሁም፤ ችግሩ እሱ ነው» አለቻት።

አዲሷ መምህርት ድምፅዋ ቢንቀጠቀጥም ዘዴ ነበራት። ሁሉም በሳምንቱ ውስጥ የሚያስተካክለውን አንድ ነገር በጸሎት ለይቶ፣ አድርጎት መጥቶ ይናገራል። ቧንቧ ሠራተኛው በመጀመሪያው ሳምንት ተነሥቶ «ቧንቧ መስደብ ትቻለሁ። ባለቤቶቹን መስደብ ግን ገና ነኝ» አለ። እትዬ መርፌ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተራዋ ሲደርስ «ገና ነኝ» እያለች ተቀመጠች። አጥታ ሳይሆን፣ ለመጸለይ በተንበረከከች ቁጥር የምትመጣባት አንዲት ሴት ስለነበረች ነው።

ሴትዮዋ የልብስ ክፍሉ ልብስ ተኳሽ ናት። ከስፌት መኪናዋ ስድስት እርምጃ ርቃ ትቆማለች፤ ከተነጋገሩ ግን ስምንት ዓመታቸው። ያኔ አርባ የቀዶ ሕክምና ጨርቅ በአንድ ቀን ተቃጠለ፤ እትዬ መርፌም ለኃላፊው «ወሬ ይዛ ረስታው ነው» አለች። ተኳሿ በዚያ ምክንያት ከፈረቃ አለቃነቷ ወረደች። በወሩ የጥገና ሠራተኛ መጥቶ የመተኮሻ ማሽኑን ሲከፍት የሙቀት መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ አገኘው፤ ለውጦትም ሄደ። ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የነበረችው እትዬ መርፌ ብቻ ናት። ያለፈው አለፈ ብላ አፏን ዘጋች።

ሰኞ ጠዋት እንፋሎቱ ገና ሳይወፍር ስድስቱን እርምጃ ተራመደች።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

ተኳሿ ቀና ሳትል «ለምኑ?» አለች።

«ለተቃጠሉት ጨርቆች። ያቃጠለው ማሽኑ ነው፤ አንቺ አይደለሽም። በወሩ አውቄ ነበር።»

ተኳሿ እጇ ላይ የነበረውን አንሶላ ለቀቀችው። «ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ እኮ ተሳስታ ነው እያልኩ ነው ስምንት ዓመት የተቀየምኩሽ» አለች። «ለካ መጥላት ነበር የሚገባኝ! ከፊቴ ጥፊ!»

እትዬ መርፌ ቅዳሜ ተነሥታ ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ «አደረግሁት፤ ባሰበት።»

ቧንቧ ሠራተኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ብዙ ዓመት የተዘጋ ቧንቧ ሲከፈት መጀመሪያ ጭቃ ነው የሚተፋው። ያን ጊዜ ፈርቶ የሚዘጋው ሰው ንጹሕ ውሃ አያይም።»

ሳምንቱን ሙሉ ጸለየች። በዚህ ጸሎት ጌታን አላዘዘችውም፤ ምን ላድርግ ብላ ጠየቀችው። መልሱን ግን ልቧ ያውቀዋል፤ ሐሰቱ የተነገረው በኃላፊው ፊት ነው፣ እውነቱም እዚያው መነገር አለበት።

ዓርብ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ለመከፋፈል ሲሰበሰብ ተነሣች። ያለችውን፣ ያየችውንና የደበቀችውን አንድ በአንድ ተናገረች። ኃላፊው ወረቀቱን እያገላበጠ «ከስምንት ዓመት በኋላ ይሄ ምን ይጠቅማል?» አለ።

«እሷን ይጠቅማል» አለች። «እኔንም አድኖኛል።»

ከዚያ ስብሰባ ስትወጣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ነው የወጣችው። እንደዚያ ቀሏት አያውቅም። ሰኞ ዕለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ በሥራ ዘመኗ የመጀመሪያዋ ነው። ለባሏ እንደ ምስክር ወረቀት ዘርግታ አሳየችው። መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበና «ፍሬም እናስገባው?» አለ። ጎረቤት እስኪሰማ ሳቁ።

ተኳሿ በሁለት ወሯ ወደ ፈረቃ አለቃነቷ ተመለሰች። ለእትዬ መርፌ ግን አሁንም ቃል አልተነፈሰችም። እትዬ መርፌ ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደርሽ» ትላለች፤ መልስ የለም፤ በማግስቱም ትላለች። አንድ ቀን ከምሳ በፊት አንድ አንሶላ መጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ወደቀ።

«ጠርዙ ተተርትሯል፤ ስፊው» አለች ተኳሿ። ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞረች። «ደግሞ ይቅር ብዬሻለሁ። ደጋግመሽ እንዳትጠይቂኝ፣ ሥራ አለብኝ።»

እትዬ መርፌ አንሶላው ላይ ድፍት ብላ አለቀሰች። «እንዳታረጥቢው፣ ገና መተኮሴ ነው!» ብላ ጮኸችባት ተኳሿ፤ የራሷ ዓይን ግን አልደረቀም። ከማጠቢያው በኩል አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። የማሽኑ ጩኸት እንኳ አልተሰማም። ቅዳሜ ወሬው ሲነገር ቧንቧ ሠራተኛው «ሃሌ ሉያ!» ብሎ ዘሎ ሲነሣ አግዳሚውን ከነተቀማጮቹ ገለበጠው።

ከዓመት በኋላ ክፍሉን መልሰሽ ያዢ ብለው ለመኗት። «አንዱን ቅዳሜ አስተምራለሁ፣ አንዱን ቅዳሜ እማራለሁ» አለች፤ እንዲያውም ሆነ። ቀጥሎ ልታስተካክለው የያዘችው ምላሷን ነው። ይህኛው ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ባሏ እንዲያውም አልጨረሰችም ይላል።

ጡረታ የወጣች ሰሞን ቤት አልተቀመጠችም። ከምድር ቤቱ ወደ ላይ ወጥታ፣ ጠያቂ የሌላቸውን በሽተኞች ልጠይቅ ብላ አስፈቀደች። ሰው ማዳመጥ በሕይወቷ ያልሞከረችው ነገር ነውና ይህን ልማር ብላ ጌታን ለምናለች። በመጀመሪያው ቀን አንድ እግራቸው የተሰበረ ሽማግሌ ታሪካቸውን ሲጀምሩላት ሦስት ጊዜ ምክር አስገባችባቸው። በአራተኛው ትራሳቸውን አንሥተው «አንቺ ሴትዮ፣ ወይ ስሚኝ ወይ ውጪልኝ!» አሏት።

ፊቷ እየበራ ቤቷ ገባች። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«እህ፣ እንዴት ነበር?»

«ተባረርኩ» አለች፣ በሳቅ ትንፋሿ እየተቆረጠ። «ነገ በጠዋት እመለሳለሁ።»