ልጆቿ የጠፉባት ኮከብ

ልጅ ሳለሁ እጅግ የምታበሳጨኝ አንዲት ተረት ነበረች። አያቴ፣ የደብራችን መሪጌታ፣ እራት ተበልቶ ፍሙ አመድ መልበስ ሲጀምር ያመጧታል። ያቺ ከሁሉ ደምቃ ብቻዋን የምትሄደው ኮከብ ልጆቿ የጠፉባት እናት ናት፤ ዛሬም ትፈልጋቸዋለች ይላሉ። አገኘቻቸው ወይ ስላቸው «እሱን አልሰማሁም» ብለው ጋቢያቸውን ይከናነባሉ። መጨረሻ ስለሌላት፣ እንደ ሌሎቹ ተረቶች «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» እንኳ አይሉባትም ነበር።

ያኔ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ከመንደራችን ማዶ ካለው ጉብታ ላይ፣ አንድ የፊዚክስ መምህር የከዋክብት መመልከቻ አሠራ፤ ጣሪያው የሚንሸራተት የቆርቆሮ ቤት ነው። አንድ ምሽት ከክፍሌ ልጆች ጋር ሄጄ ያቺን ኮከብ በቴሌስኮፑ አየኋት። ጁፒተር ትባላለች አለን መምህሩ። የደከመ ዓይን ያያት እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ጨርሶ ሳይጠፋ ከሆነ አዎ አለኝ። የአያቴ ዓይን ደግሞ በየወሩ እየደከመ፣ ዳዊታቸውን እንኳ በቃል ወደ ማነብነብ ደርሰው ነበር። ያየሁትን ለማንም ሳልናገር፣ እሳቸው በገዛ ዓይናቸው ማየት አለባቸው ብዬ ቆረጥኩ።

አባቴ በታኅሣሥ ብርድ ሽማግሌ አታንገላቺ ብሎ ተቆጣኝ። አልተውኩም፤ ጠዋት ማታ ነዘነዝኩ፤ በመጨረሻ አያቴ ራሳቸው ሰልችቷቸው ከዘራቸውን አነሡ።

የቆርቆሮው ቤት ደጃፍ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። መምህሩ አያስፈልግም ቢላቸውም፣ የእግዜር ሥራ የሚታይበት ቤት ነው ብለው በባዶ እግራቸው ገቡ። ልክ እንደ ቅዳሴ ጊዜ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው ወደ ቴሌስኮፑ መስታወት አጎነበሱ፤ ቆዩ፤ ቀና አሉ፤ ደግመው አጎነበሱ።

«ጉም ነው» አሉ።

ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። በዓባይ ሸለቆ በኩል ብቻ ደመና ሽቅብ እየወጣ ነው።

«አብሽሪ ልጄ፣ ዓይኔ ነው። ጊዜው አልፏል» አሉና ጫማቸውን ፍለጋ ዞሩ።

እንባዬ መጣ፤ እልሁ ግን ባሰብኝ። እስኪ ብዬ መስታወቱን በጣቴ ጫፍ ነካ ባደርገው እርጥብ ነው። ትንፋሻቸው በጋቢው ታፍኖ ወደ ላይ እየወጣ ጤዛ አልብሶት ኖሯል። መሪጌታን አፍዎን ይግለጡ ማለት ለልጅ ቀላል አይደለም፤ እኔ ግን አልኩት።

«አባባ፣ ጋቢውን ያውርዱት። ዓይንዎ አይደለም፣ ትንፋሽዎ ነው።»

መምህሩ መስታወቱን በስስ ጨርቅ ጠረገው። አያቴ ጥቂት አመነቱ፤ ከዚያ አማትበው፣ ጋቢያቸውን ዝቅ አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው አጎነበሱ።

«አራት ናቸው» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «እዚሁ አጠገቧ ናቸው።»

መምህሩ ጨረቃዎቿ መሆናቸውን አስረዳቸው፤ የሰሙት አይመስለኝም። ደመናው ደርሶ ጣሪያው ሲዘጋ፣ ቁልቁለቱን ከእኔ ቀድመው ነበር የሚወርዱት። ቤት ገብተን ፍሙ ዳር ተረቷን ከመጀመሪያ ጀመሯትና ጨረሷት፤ «አፌን በዳቦ አብሱ» ሲሉም እናቴ የእውነት ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻቸው።

እኔ ዛሬም «ጊዜው አልፏል» ሲሉኝ ቶሎ አላምንም። የአያቴ ዓይን በዓመቱ ጨርሶ ጨለመ። ተረቷን ግን ለታናናሾቼ እስከ መጨረሻዋ ያወሯት ነበር፤ እነሱም ልጆቿን ማግኘቷን ማን ነገረዎት ሲሏቸው፣ በዚያ በማያይ ዓይናቸው ወደ ሰማይ ቀና ብለው «ማንም አልነገረኝ፤ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ» ይሉ ነበር።