መሪጌታ ቡሬ ላይ ኳስ ሰሙ

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም

መናኸሪያው ገና በወጉ አልነጋለትም። የቡሬ ሚኒባስ ረዳት በር ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል። እኔና ጎረቤቴ መሪጌታ አላምረው ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጥን። መሪጌታ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ዜማ ያስተምራሉ። ልጃቸው ይበልጣል የዜማ ትምህርቱን ትቶ የከተማችን ቡድን በረኛ ከሆነ ወዲህ አባትና ልጅ እምብዛም አይነጋገሩም። ትናንት ግን ቤቴ መጥተው፣ "እኔን ጥሎ የሄደበትን ነገር አንዴ ልስማው። ውሰደኝ፤ የሚሆነውን ትነግረኛለህ" አሉኝ።

ረዳቱ የጨርቅ ከረጢታቸውን ጣሪያ ላይ ሊጭን እጁን ዘረጋ።

"ተው፣ የሚሰበር አለበት" አሉት፤ ጉያቸው ውስጥ ከተቱት።

1 ሰዓት ተኩል፣ ማንኩሳ

አንዲት ሴት ሁለት ጆንያ በርበሬ ይዛ ገባች። ሚኒባሱ በሙሉ አስነጠሰ።

"መሪጌታ፣ ኳስ ሳይታይ ምኑ ይጥማል?" አለ ሹፌሩ።

"አንተስ በሬዲዮ ስትሰማ ታየዋለህ?"

ተሳፋሪው በሳቅና በማስነጠስ መካከል ሆነ።

4 ሰዓት፣ ቡሬ

ግቡ መረብ የለውም፤ ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚና አንድ አግዳሚ ነው። መሪጌታን ይበልጣል ከሚጠብቀው ግብ አጠገብ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ መተረክ ጀመርኩ። የማሊያውን ቀለም፣ የሰባት ቁጥሩን የተቀደደ ካልሲ ሳይቀር ነገርኳቸው። በመቋሚያቸው እግሬን ነካ አደረጉኝ።

"ልጄ፣ ወሬህ ጋረደኝ። እስቲ ዞር በል።"

ዝም ስል እኔም ሰማሁ። ሣር የሚያሻሽ ሩጫ፣ የኳስ ምት፣ የሕዝብ "ውይ!"፤ ከሁሉም በላይ የይበልጣል ድምፅ። "ግራውን ዝጋ! ውጡ! ኧረ ውጡ!" እሱ በጮኸ ቁጥር ተከላካዮቹ እኩል ይነቃነቃሉ። መሪጌታ ማኅሌት ላይ እንዳሉ ሁሉ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ ያደርጋሉ።

"መምራት ከማን ተማረ?" አሉ በመጨረሻ።

"ከሚያውቁት ሰው ነው" አልኳቸው።

አንድ ለዜሮ እየመራን ሊያልቅ ሲል ለቡሬ ሪጎሬ ተሰጠ። አጠገባችን የቆመ የቡሬ ደጋፊ ጎንበስ አለ። "አባ፣ ጆሮዎን ይድፈኑ፤ ለእርስዎ የማይሆን ድምፅ ነው የሚመጣ።"

"የመጣውን እሰማለሁ።"

ሜዳው ጸጥ አለ። ጧ! ወዲያው ድፍን ያለ "ድም!"። ሕዝቡ ሳይጮህ መሪጌታ ተነሥተው ቆመዋል። "ደረቱ ላይ ነው! ያዘው!"

ደጋፊው እየሳቀ ራሱን ያዘ። "ወይ ጉድ! እኔ እንኳ ገና ሳላየው!"

ጨዋታው ሲያልቅ ይበልጣል አባቱን አይቶ እየሮጠ መጣ። አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ተዘግቷል።

"አባቴ... መጡ?" አለ በሹክሹክታ።

መሪጌታ ከከረጢታቸው በነጠላ የተጠቀለለ ትንሽ ጠርሙስ አወጡ። ነጭ ማር ነው። ሌሊቱን ማኅሌት ቆመው ጉሮሯቸው ለተዘጋ ተማሪዎቻቸው የሚሰጡት ነው። ይበልጣል ጠርሙሱን ሲያይ ጓንቱን አወለቀ።

"ላስ" አሉት፤ "ሲመራ ላደረ ሰው ነው።"

10 ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም

በመንገድ ሁሉ ልጅ ሲያንሾካሹክ፣ አባት "ይህንንስ ሰምቼዋለሁ፤ ቀጥል" ሲሉ ደረስን። ሚኒባሱ ሲቆም መሪጌታ ከረጢቱን ለልጃቸው አሸከሙት።

"ጠርሙሱ ባዶ ነው" አሉ፤ "ለሚመጣው ቅዳሜ ሙላው።"