የመኪናዬ ቦዲ ለምን እንደሚጮህ ዛሬ ገባኝ

ዛሬ ከአቃቂ በሰቃ ወጥቼ ኮረኮንቹን ስጀምር አሮጌዋ ፎርዊሌ ቆርቆሮ እንደጫነ ጋሪ ትንኳኳ ጀመር።

ባለፈው ሳምንት እኮ በቦዲውና በሻንሲው መሃል ሆኖ ንዝረት የሚያበርደው ጎማ፣ ጎሚኒው፣ ተቀይሮላት ነው ከጋራዥ የወጣችው። መካኒኩ "እንደ አዲስ ሆናለች ጋሼ" ብሎኝ ነበር። የሞከራት ግን አስፋልት ላይ ነው፤ ያውም ሬዲዮ ከፍቶ።

አቁሜ ከስሯ ገባሁ። በጎሚኒው ቦታ ተቆርጦ የተጠቀጠቀ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ አየሁ።

የእኔ ነው። መኪናው ውስጥ ነበር የማስቀምጠው። ሳምንቱን ሙሉ "የት ጣልሽው?" እያልኩ ሚስቴን ስነዘንዝ ከርሜያለሁ።

ለመካኒኩ ደወልኩለት። "ጋሼ፣ ጎማ እኮ ያው ጎማ ነው" አለኝ፣ ሳያፍር።

ነገ ሚስቴን ይዤለት እሄዳለሁ። እሷን ያስረዳ።

የእናንተስ መካኒክ ከራሳችሁ ዕቃ ምን ቆርጦ ገጠመላችሁ?