የዳህላክ ሳንድ ዶላር በአኖ ኬላ

ሚኒባሳችን አኖ ኬላ፣ ገመዱ ፊት ቆመ። ወጣቱ ፈታሽ ከነቀምቴ የተሳፈርነውን ሁሉ አውርዶ ሻንጣ በሻንጣ ያይ ጀመር። አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌ፣ የቀድሞ የባሕር ኃይል መካኒክ፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

ውስጡ ያለውን አውቃለሁ። ከወር በፊት ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ቤታቸው ሄጄ ለጋዜጣ ዘግቤበታለሁ። ነጭ፣ ክብ፣ እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ ነው፤ ከላዩ ባለ አምስት ቅጠል አበባ፣ ከዳሩ ሁለት ስንጥቅ አለው። በወጣትነታቸው ከመርከብ ጓደኛቸው ጋር ቀይ ባሕር ላይ፣ ዳህላክ ደሴት አሸዋ ውስጥ አገኙት። ጓደኛቸው አሁን አዲስ አበባ በጠና ታሟል፤ «ሳልሞት አንድ ጊዜ ልየው» ብሎ ደውሎላቸው ነው የሚጓዙት።

ፈታሹ ቆርቆሮውን ከፈተ።

«ኦቦ፣ ይኼ ቅርስ ነው። የተቀረጸ ነው።»

«ኢልማኮ፣ ልጄ፣ የሰው እጅ አልቀረጸውም። ከባሕር ነው ያገኘሁት።»

«ወለጋ ውስጥ የትኛው ባሕር?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ፈታሹ ግን አልሳቀም።

ኬላ ላይ አፍን መዝጋት ሥራዬ አስተምሮኛል። ያን ቀን ግን ያጣራሁትን መናገር የሚበቃ መሰለኝ። ለዘገባው የባዮሎጂ መምህር ጠይቄ ነበር።

«የተቀረጸ ድንጋይ አይደለም፤ የእንስሳ ቅርፊት ነው» አልኩት። «ሳንድ ዶላር ይባላል። የባሕር ጃርት የቅርብ ዘመድ ነው፤ ባለ አምስት ክንዱ የባሕር ኮከብም ከሩቅ ይዛመደዋል። በሕይወት ሳለ እንደ ከፋይ ጨርቅ የለሰለሰ እሾህ ይሸፍነዋል፤ በሱ እየገፋ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል። አበባ የመሰለህ መተንፈሻው ነው። ገልብጠው፤ አፉ መሐል ላይ ነው።»

ገለበጠው። ቀዳዳዋን በጣቱ ነካ።

«እንስሳ ነው?»

«አዎ።»

«የዱር?»

ወደ ሽማግሌው ዞርኩ።

«የዱር እንስሳማ ያለ ፈቃድ አያልፍም። አለቃዬ ነገ ይመጣል፤ ቅርስም ይሁን አውሬ እሱ ይለየዋል። እስከዚያ እዚህ ይቆያል።»

ከኋላዬ አንዲት ነጋዴ፣ «ጎሽ ጋዜጠኛው! ከቅርስ ሌባነት አውጥተህ አውሬ አዳኝ አደረግሃቸው!» አለች። ሾፌሩ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ።

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። «አንዴ ስጠኝ» አሉ። ጆሯቸው አጠገብ ነቀነቁት፤ ውስጡ ተንኳኳ። «ጥርሱ ነው። አምስት አለው። ሰው የቀረጸው ነገር ሆዱ ውስጥ ጥርስ አይኖረውም። ነገ ደግሞ ጓደኛዬን ላላገኘው እችላለሁ።»

ምን ሊያደርጉ እንደሆነ የገባኝ ከመሐል ሲሰብሩት ነው። እንደ ደረቅ ብስኩት ቀጭ አለ። የስንዴ ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ ቁራጮች መዳፋቸው ላይና አስፋልቱ ላይ ወደቁ።

«ለስባሪስ ፈቃድ ትጠይቀኛለህ?»

ፈታሹ መዳፋቸውን አየ። ከዚያ ሄዶ ገመዱን ፈታ።

ስንጓዝ ሁለቱን ስባሪ ቆርቆሮው ውስጥ አገጣጠሟቸው። ከአስፋልቱ የለቀምናቸውን ጨምሬ ጥርሶቹን እኔ ቆጠርኩ። አራት ነበሩ። ደግሜ ቆጠርኩ።

ባኮ ስንደርስ ለጓደኛቸው ደወሉ። «መጣሁልህ» አሉት። «ትንሽ ተሰነጠቀ እንጂ አለ። ጥርሱም አለ፣ አምስቱም።» ይህን ሲሉ ዞረው አዩኝ።

በሥራዬ የሰማሁትን ስሕተት ሳላርም አልፌ አላውቅም። ያኔ ግን ቆርቆሮውን ከድኜ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።