የእትዬ ንግሥት ቡሉኮ

ተክሌ ሰፊው ከሚስቱ ይልቅ የስፌት መኪናውን ይወዳል እያልን እናማው ነበር። ከአሊዩ አምባ በአህያ ጭኖ ያመጣት፣ በእጅ የምትዞር መኪና ናት። ሚስቱ አስካለ ሳትቀር «ጣውንቴ» ነበር የምትላት። በሮቢት ገበያ በእጅ የሚሰፋ ሰው ሲያይ ይስቅ ነበር። ሳቁን ያስተወችው እትዬ ንግሥት ናት።

እትዬ ንግሥት የቀወት ገበሬ ሚስት የነበረች፣ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላት ሴት ናት። ጣሊያን ሲገባ ልጇ ይልማ ክት ልብሱን አጣጥፎ አስቀመጠና ከአርበኞች ጋር ወጣ። «ስመለስ እለብሰዋለሁ» ብሏት ነበር። ከርሞ አንድ ጓደኛው ወረደና ይልማ ወድቋል አላት። በዓይኑ ግን አላየም፤ ከሸሹት ሰምቶ ነው።

በአገራችን ሬሳው የቀረ ሰው ልብሱ ወደ ለቅሶው ሜዳ ይወጣል፤ በልብሱ ላይ ይለቀሳል፣ እርም ይወጣል። በዚያ ዘመን ግን ለአርበኛ ማልቀስ ወንጀል ነበር። በጎረቤት መንደር ልብስ አውጥታ ያለቀሰች እናት ባንዶች ቤቷን አቃጥለውባታል። ስለዚህ እትዬ ንግሥት የልጇን እጀ ጠባብና ተነፋነፍ ሱሪ ከአንድ ቡሉኮ ጋር ቋጥራ ተክሌ ዘንድ መጣች።

«ቡሉኮው ላይ ደርበህ ስፋልኝ። ለብሼው እተኛለሁ። ለሚያየው ድሪቶ ነው፤ ድሪቶ ደግሞ ባንዳም አይወስደው።»

«በመኪና ለነገ ይደርስልዎታል፣ እትዬ» አለ ተክሌ መቀሱን እያነሳ።

ሴትዮዋ ልብሱን ሳብ አደረገችው። «መቀስ እንዳታስነካው!»

«ካልተቆረጠማ እጥፋቱ ይወፍራል፤ መርፌዋን ይሰብርብኛል።»

«እንግዲያው በእጅህ ስፋው። እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፈህ፣ ላላ አድርገህ። የመጣ እንደሆነ ተርትሬ እሰጠዋለሁ።»

ተክሌ ልብሱን ተቀበላት። ኋላ ለአስካለ እንደነገራት ሴትዮዋን ሊያታልላት አስቦ ነበር፤ ቆርጦ፣ በመኪና አጥብቆ ሊሰጣት። ልብሱ እንደማይተረተር ስታይ ተስፋዋን ትታ፣ አልቅሳ እርሟን ብታወጣ ይሻላታል ብሎ ነው። እኛም ብንሆን የምንመክረው ይህንኑ ነበር። ያልተለቀሰ ሞት እናትን ውስጥ ውስጡን ይበላል፤ ስንቱን አይተናል። አስካለ ግን መቀሱን ደበቀችበት።

«አንተ ወልደሃል እንዴ እንደሷ? በእጅህ ስፋ ካለችህ ስፋ!»

ሰፋ። ጣቱ መርፌ ረስቶ ኖሮ እየደማ፣ እየተሳደበ ሰፋ። አስካለ በሳቅ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትለዋለች። ከመርዶው አርባው ቀን ሲያልፍ ገና እጅጌው ላይ ነበር። ሲጨርስ አላማረም፤ ስፌቱ ሰፋ ሰፋ ያለ፣ አንድ ክር ቢስቡት የሚተረተር ነው። እትዬ ንግሥት በመዳፏ ዳሰሰችውና መረቀችው። እንባ አልወጣትም። ያንን ለብሳ ስትተኛ ከረመች። ማቅ አልለበሰችም፤ ልቅሶ ልንደርሳት ስንሄድም «ማን ሞተና ነው?» እያለች ትመልሰን ነበር።

በመጨረሻ ጣሊያን ወጣ። አርበኞቹ ጎፈሬያቸውን አበጥረው ጣሊያን በሠራው አዲስ መንገድ ሲወርዱ አገሩ በእልልታ ተናጋ። እትዬ ንግሥት ከግራር ሥር ቡሉኮዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ገና የፊተኞቹ ብቅ ሲሉ መተርተር ጀመረች። ተክሌ ሮጦ ሄዶ «እስቲ ይቆዩ፣ እትዬ፣ መጀመሪያ ይምጣ» ቢላት አልሰማችውም።

«በዚያ የጫካ ጭርንቁስ አገሩ ይገባል እንዴ? ሲደርስ ክቱን ይልበስ እንጂ» አለች።

እየተረተረች ያለፈውን አርበኛ ሁሉ ስለ ይልማ ትጠይቃለች። ልብሱ ከቡሉኮው ተላቆ ጭኗ ላይ ሲቀር፣ ሞገስ የሚባል ጢማም አርበኛ የልጇን ስም ሰማና ቆመ። ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እናቴ» አላት፣ «ይልማን እኔ ነኝ የቀበርኩት። በእነዚህ እጆቼ።»

እዚያ አላለቀሰችም። ልብሱንና ቡሉኮውን ሰብስባ ቀጥ ብላ ወደ ተክሌ ቤት ሄደች፤ እሱ ከኋላ ተከተላት። ከመኪናዋ ፊት ዘረገፈችው።

«አሁን በመኪናው ስፋው። መቀስም ይንካው።»

ተክሌ መቀሱን ያዘ፤ እጁ እምቢ አለው። እሷ እጅጌውን ወጥራ ያዘችለት፤ ቆረጠ። መኪናዋን ማዞር ሲጀምር እትዬ ንግሥት «ልጄን! ልጄን!» ብላ ጩኸቷን ለቀቀችው። ለእልልታ የወጣው ሰው ሁሉ ወደ ጩኸቱ ሮጠ። ተክሌ እንባው ዓይኑን ጋረደውና መዘውሩን ተወው።

«አታቁም» አለችው ደረቷን እየደቃች። «እንዳይፈታ አድርገህ አጥብቀው።»